«የዲስክ ስህተት እየተጠገነ ነው» ብሎ የቆመ የቤት ኮምፒውተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ስልኬ አብዝቶ የሚጮኸው በዚህ ጉዳይ ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩ ይከፈታል፤ ዴስክቶፑ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ጥቁር ስክሪን ላይ «የዲስክ ስህተት እየተጠገነ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች ለደንበኞቼ በስልክ ስመላልሳቸው የኖርኩ ናቸው፤ ትእዛዞቹንም በስልክ እንደማደርገው ፊደል በፊደል ነው የማስጽፈው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ የትም የሌለ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ካለዎት ምንም ከመንካትዎ በፊት ስለ ድምፁና ስለ ፋይሎቹ የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ያንብቡ።

ማን ነው የሚጠግነው? ምኑንስ ነው የሚጠግነው?

የሚጠግነው ዊንዶውስ ራሱ ነው። ዲስክ ላይ እያንዳንዱ ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ መዝገብ አለ፤ የቀበሌን የቤት ቁጥር መዝገብ ያስቡ። ኮምፒውተሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ቢል መዝገቡ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ ሆኖ ይቀራል። ዊንዶውስ ዲስኩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደቀረ የሚያውቅበት ምልክት አለው፤ በሚቀጥለው ሲነሳ ያንን አይቶ ማጣራት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መነሳት ሲያቅተውም ማንም ሳያዘው ወደ ራሱ ጥገና ይገባል።

ችግሩ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው መዝገቡ ብቻ ተዛብቶ ዲስኩ ደህና የሆነበት ነው፤ ይኼ ይድናል። ሁለተኛው ዲስኩ ራሱ የታመመበት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ለሁለቱም ያው ነው። የእኛ ሥራ የትኛው እንደሆነ ቶሎ መለየት ነው።

ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚያው ነው። ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

መዝገቡን ብቻ የሚያጣራ ከሆነ፣ ደህና ዲስክ ላይ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነብ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የሚሽከረከረው ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋ ባይት ያነባል ብንል፣ 500 ጊጋውን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ 1 ቴራውን ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ግድም ይፈጅበታል። ይህም ጤነኛ ሲሆን ነው። የተበላሸ ቦታ ሲገጥመው ዲስኩ ተስፋ አይቆርጥም፤ ያቺኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል። አንዷ ነጥብ ብቻ ብዙ ሴኮንድ ትበላለች። እንዲህ ያሉ ነጥቦች በሺህ ሲቆጠሩ ቀኑ ይመሻል።

ፐርሰንት የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በየሰዓቱ እየተመለሱ ያስተያዩ። በአንድ ሰዓት ከ10 ወደ 11 ቢሄድም እየሄደ ነው፣ ይተዉት። አራት ሰዓት ሙሉ ያው ቁጥር ላይ ከሆነና የዲስኩ መብራት ወይ ጨርሳ ጠፍታ ወይ ሳትርገበገብ በርታ ከቀረች ቆሟል ማለት ነው። ፐርሰንት የሌለው፣ ነጥቦቹ ብቻ የሚዞሩበት ከሆነ አንድ ሌሊት ይስጡት። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልመክርም።

ይህ ሁሉ ግን ጆሮዎን ኬዙ ላይ አስጠግተው ካዳመጡ በኋላ ነው።

ቀጭ… ቀጭ… የሚል ድምፅ ይሰማል። ምንድን ነው?

አሁኑኑ ያጥፉት። ይህን መልስ እስኪያነቡም አይጠብቁ።

የሚሽከረከር ዲስክ ውስጥ መረጃውን የምታነብ ትንሽ ጫፍ አለች። ጫፏ ቦታዋን ፈልጋ ስታጣ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች፣ እንደገና ትመለሳለች፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ የዚያ ምልልስ ነው። እንዲህ የሆነ ዲስክ ላይ «ጥገና» ማስኬድ እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት ልጅ ዴስክቶፕ ይዛ መጣች። ውስጡ የወንድሟ የሠርግ ፎቶ ነበር። ወንድሟ በመካከሉ አርፏል፤ ፎቶው ደግሞ ሌላ የትም የለም። ድምፁን ሰምቼው ነበር። ቢሆንም መጽሐፉ የሚለውን ላድርግ ብዬ ሙሉውን ማጣሪያ አስነሳሁት፤ እሷም ጎኔ ቁጭ ብላ ቁጥሩን ታያለች። 11 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ቀጭታው ቆመና ቀጭን ሲጥጥታ ወጣ፣ ቀጥሎም ጸጥ አለ። ዳግመኛ ኮምፒውተሩ ያንን ዲስክ አላወቀውም። ልጅቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለችና «ዲስኩን ልውሰደው?» አለችኝ። በነጠላዋ ጫፍ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያንን ድምፅ ስሰማ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው።

ድምፅ ያለውን ዲስክ ከኬዙ አውጥቶ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል። ጫፏን በሌላ ቀይሮ መረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ልዩ መሣሪያና ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል። እዚህ እኛ ሱቅ የሚሠራ አይደለም፤ የሚሠራ ቢያገኙም ዋጋው ቀላል አይሆንም። ለፋይሉ ያን ያህል ይከፈልለት ወይስ አይከፈልለት የሚለውን መወሰን የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስኪወስኑ ድረስ ግን ማንም «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ብሎ እንዳይሰካው።

ድምፅ የለውም፣ ግን አልነሳ ብሏል። ፋይሎቼን እንዴት ላውጣ?

ከሁሉም ጥያቄዎች እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ዊንዶውስን ነገ መጫን ይቻላል፤ ፋይሉን ግን ነገ ማግኘት ላይቻል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ መጠገን ነው።

ምንም ዕቃ ሳይገዙ የሚሆን አንድ መንገድ አለ። የዊንዶውስ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ካለ በእሱ ያስነሱና «ጫን» የሚለውን ትተው ከታች «ኮምፒውተርዎን ይጠግኑ» የሚለውን ይጫኑ። ፍላሽ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ከሁለትና ሦስት ጊዜ ያልተሳካ መነሳት በኋላ ወደ ሰማያዊው የምርጫ ገጽ ይገባል። እዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ይላሉ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ኤን፣ ኦ፣ ቲ፣ ኢ፣ ፒ፣ ኤ፣ ዲ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ። ኖትፓድ ይከፈታል። ጽሑፍ ልንጽፍበት አይደለም። «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ኦፕን» ሲሉ የሚመጣው መስኮት ዲስኩን በሙሉ ያሳያል። ከታች የጽሑፍ ፋይል ብቻ እንዲያሳይ የተመረጠውን «ሁሉም ፋይል» ወደሚለው ይለውጡ፤ ያለዚያ ፎልደሮቹ ባዶ ይመስላሉና ይደነግጣሉ። ከዚያ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ «ኮፒ»፣ የሰኩት ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ላይ «ፔስት»። የሚገለበጠውን የሚያሳይ አረንጓዴ መስመር ላይመጣ ይችላል፤ ዝም ብሎ የቀረ ቢመስልም ይታገሡት።

እዚህ ገጽ ላይ ሲ የሚለው ዲስክ ዲ፣ ወይም ሌላ ፊደል ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ አይደናገጡ፣ «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር ያለበትን ይፈልጉ። በዚያ ውስጥ በስምዎ ያለውን ሲከፍቱ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንት፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድ ይገኛሉ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ቴሌግራምን ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ ቴሌግራም ያወረደውን ሁሉ ዳውንሎድ ውስጥ በራሱ ስም በተከፈተ ፎልደር ነው የሚያኖረው፤ ብዙ የሥራ ደብዳቤና የልጆች ቪዲዮ የሚገኘው እዚያ ነው። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠሩ ደግሞ መረጃቸው ዶክመንት ውስጥ እንዳይመስላቸው፤ የድርጅቱን ፎልደር ፕሮግራሙ ካኖረበት ፈልገው ይውሰዱ።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። በጣም ከሚፈለገው ትንሽ ፎልደር ይጀምሩ፣ ፊልምና ሙዚቃ መጨረሻ። አንዱ ፋይል ላይ ከተጣበቀ «ዝለል» ይበሉት፤ እሱ ላይ እየታገሉ ሌላውን እንዳያጡ።

ሁለተኛው መንገድ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። ሲሰኩት ያ ኮምፒውተር «ይህ ዲስክ ችግር አለበት፣ ልጠግነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እምቢ ይበሉት። እኔ ለራሴ የምመርጠው ኡቡንቱ የተባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነጻ ሥርዓት 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ሳይጭኑ በእሱ ማስነሳት ነው፤ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ እንዲከፍተው ካዘዙት የዊንዶውስን መዝገብ ሳይነካካ ፋይሉን ያወጣሉ።

መሃል ላይ ባጠፋው ይባስ ይበላሻል?

ሊሆን ይችላል፣ ግን ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የፋይል አያያዝ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛል፤ ሲቋረጥ ከማስታወሻው ተነስቶ ይቀጥላል። ቁጥሩ እየሄደ ከሆነ አያጥፉ። ከቆመ፣ ወይም ድምፁ ካስፈራዎት ማብሪያውን 10 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ላፕቶፕ ከሆነ ማጣሪያው ሳይጀምር ቻርጀሩን መሰካትዎን ያረጋግጡ።

ሲነሳ «ማጣሪያውን ለመዝለል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» ብሎ ጥቂት ሴኮንድ የሚቆጥርም አለ። ያኔ ኪቦርዱን ነካ ማድረግ ይበቃል፤ ወደ ዴስክቶፕ ከገባልዎ ያን ዕድል ፋይል ለመገልበጥ ይጠቀሙበት።

ፋይሌን አውጥቻለሁ። አሁን ራሴ ምን ላድርግ?

እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ ይመለሱ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ያለበትን ፊደል እንለይ። ዲ፣ አይ፣ አር፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሲ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛዋን ሁለት ነጥብ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ከሚዘረዘሩት መሃል «ዊንዶውስ» እና «ዩዘርስ» ካሉ ያ ፊደል ነው። ከሌሉ ሲን በዲ፣ ዲን በኢ እየተኩ ይሞክሩ።

ቀጥሎ ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ፣ ክፍት ቦታ፣ ያገኙት ፊደልና ሁለት ነጥብ። እንዲህ ብቻ ካሉት ያያል እንጂ ምንም አይነካም። ስህተት አለ ካለ ያንኑ ትእዛዝ ደግመው መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ፣ አናቷ ወደ ቀኝ ያዘመመችውን ሰረዝና ኤፍን ይጨምሩ። ኤፍ መዝገቡን ያስተካክላል። በኤፍ ፋንታ አርን ካደረጉ ደግሞ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል፤ ረጅሙ ይህ ነው። ሰው ሁሉ በአር ይጀምራል። እኔ በኤፍ ነው የምጀምረው፤ ብዙ ጊዜ መብራት ያዛባው መዝገብ በኤፍ ብቻ ይስተካከላል። አርን የማዘው የዲስኩን ጤንነት ካየሁ በኋላ ነው።

ጤንነቱን ለማየት ዲስኩን ደህና ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ መጥፎ ማለት ነው። ከቀለሙ በላይ እኔ የማየው ቁጥሮቹን ነው። 05 የሚለው መስመር በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን፣ ሲ5 የሚለው ማንበብ ያቃተውና ውሳኔ የሚጠብቀውን፣ ሲ6 የሚለው ጭራሽ ያልዳነውን ይቆጥራል። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ችግሩ መዝገቡ ጋ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ሲ5 ዜሮ ካልሆነ፣ በተለይ ዛሬ 8 ነገ 40 እያለ የሚያድግ ከሆነ፣ ያ ዲስክ ጥገና አይፈልግም፤ ምትክ ነው የሚፈልገው።

ሲ7 የሚባለው ብቻ ነው ከፍ ያለው። ዲስኩ ሞቷል?

አልሞተም፤ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ሲ7 የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) መካከል መንገድ ላይ የተበላሸ መረጃን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የዲስኩን ኬብል ከሁለቱም ጫፍ አውጥተው መልሰው ይስኩ፤ ካላመኑት ይቀይሩት። ርካሽ ነገር ነው።

አዳማ ላይ ኬዝ በከፈትኩ ቁጥር ውስጡ አቧራ ነው። ተራራው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ንፋስ አቧራውንም ይዞ ቤት ይገባል፤ ፋኑን ይይዘዋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ኮምፒውተር ከወለል ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ልዩነቱ ይታያል።

48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አስገባ አለኝ። ከየት ላምጣ?

ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ ተቆልፏል ማለት ነው። አንዳንድ ዊንዶውስ 11 ያለባቸው ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ ሳያውቁት ይቆለፋሉ። በስልክዎ ወይም በሌላ ኮምፒውተር በዚያው አካውንት ገብተው ከመሣሪያዎ ስም ጋር የተቀመጠውን ቁልፍ ይፈልጉ፤ ስድስት ስድስት አሃዝ ሆኖ በስምንት ቡድን ተከፍሎ ይገኛል። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ የኮምፒውተር ክፍሉን ይጠይቁ። ቁልፉ ከሌለ እኔም ሆንኩ ሌላ ቴክኒሻን ልንከፍተው አንችልም። እከፍታለሁ ብሎ ቀብድ የሚቀበል ቢገጥምዎ አይክፈሉ።

አንድ ሱቅ «ፎርማት ይደረግና ይለቃል» አሉኝ። ልስማማ?

ፋይሉ ከወጣና ዲስኩ ጤነኛ መሆኑ በቁጥር ከታየ ይስማሙ። ሁለቱ ሳይሆኑ ግን አይስማሙ። ፎርማት መዝገቡን አፍርሶ አዲስ መዝገብ ይከፍታል፤ የታመመ ዲስክን አያድንም። ዊንዶውስ ተጭኖ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ያው ጥቁር ስክሪን ተመልሶ ሲመጣ፣ ደንበኛው ለሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል፣ ፋይሉም የለም። ሲጫን ሁልጊዜ ያው ፐርሰንት ላይ እየደረሰ የሚቆም ከሆነም ጥርጣሬዬ መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ነው።

ለጠጋኙ ሁለት ነገር ይበሉት፦ «መጀመሪያ የዲስኩን ቁጥር አሳየኝ»፣ «ዶክመንቴና ፎቶዬ ሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጦ ሳላይ ፎርማት እንዳታደርግ»። ሥራውን የሚያውቅ ቴክኒሻን በዚህ አይከፋም።

ስታብላይዘር አለኝ እኮ። መብራት እንዴት ያበላሸዋል?

ስታብላይዘር ከ220 ቮልት ከፍና ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል፤ የሚያጠራቅመው ኃይል የለውም። ኮምፒውተር ሊጽፈው ያለውን መረጃ ለጥቂት ጊዜ ራም ላይ ይይዛል፤ መብራቱ ሲሄድ ያ ይጠፋል፣ መዝገቡም በግማሽ ይቀራል። ለዴስክቶፕ የሚያስፈልገው ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ያለው መሣሪያ ነው። 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ እንኳ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቁ ደቂቃዎች ይሰጣል። ፊልም ለመጨረስ አይደለም፤ መብራት እንደሄደ ሥራዎን አስቀምጠው ያጥፉ። የዩፒኤስ ባትሪም ያረጃል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መቀየሩ አይቀርም፤ በወር አንዴ ከሶኬት ነቅለው ምን ያህል እንደሚቆይ ይፈትኑት።

ሰው የማያስተውለው ደግሞ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነው። ቻርጀር ካልተሰካ የማይሠራ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ ከዴስክቶፕ በምንም አይለይም። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመጡልኝ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በእነሱ ላይ ነው። ሌላው ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ዘግተው ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ውስጡ ዲስኩ እየዞረ ከሆነ የምታነበው ጫፍ መረጃው የተጻፈበትን የዲስኩን ገጽ ልትነካ ትችላለች።

አዲስ ዲስክ ልግዛ ካልኩ የትኛውን?

ዊንዶውስ ለሚነሳበት ኤስኤስዲ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መንገጫገጭ እንደዚያኛው አይጎዳውም፣ አሮጌ ኮምፒውተርንም እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ለቤት አገልግሎት 256 ጊጋ ይበቃል። ግን ኤስኤስዲ ቀጭ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ አንዳንዱ ማታ ደህና አድሮ ጠዋት የለም። ስለዚህ ፎቶና ሰነድ ሌላ ቦታም ይኑር፤ አንዱ ቅጂ በኤክስተርናል ዲስክ፣ ቢቻል ሌላው በዘመድ ቤት። ኢንተርኔት ካለዎት ቴሌግራም ላይ ለራስዎ የሚልኩበት ሳጥን እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ አንድ ፋይል ይቀበላል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማኖር ከበቂ በላይ ነው። የመታወቂያና የባንክ ወረቀት ግን እዚያ ባያስቀምጡ ይሻላል።

ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያስከፍቱት። የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። አዲስ የተባለ ዲስክ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ 8,760 ካለ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያርፍ የሠራ ነው። ስሙ ያልታወቀ፣ ዋጋው ደግሞ ከሁሉ የወረደ 2 ቴራ ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ ካዩ ይለፉት። ውስጡ ያለው ጥቂት ጊጋ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የሚያታልል አለ፤ ሲሞላ የቀደመውን ፋይል እያጠፋ ይጽፋል።

ቫይረስ ይሆን?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ቫይረስ ዊንዶውስ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል፤ ዲስክ እንዲንኳኳ ወይም ሲ5 እንዲያድግ ግን አያደርግም። ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ግን ያጣሩት።

ተነሳልኝ! ግን አንዳንድ ፋይል የለም፤ የማላውቀው ፎልደርም ተፈጥሯል።

እንኳን ደስ አለዎት። «ፋውንድ» ብሎ ሦስት ዜሮ የተጻፈበት ፎልደር ከሆነ አያጥፉት። ማጣሪያው ባለቤታቸውን ያጣባቸውን ቁርጥራጮች የሰበሰበበት ነው፤ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል የተደበቁትን አሳይ ይበሉ። ስማቸው በቁጥር ተተክቶ ይገኛል። ፎቶ ነው ብለው የጠረጠሩትን ቅጂ ወስደው የስሙን ቅጥያ ወደ ጄፒጂ ይለውጡና ይክፈቱት። ፒዲኤፍና ዎርድም እንዲሁ ይሞከራል። ሁሉም አይከፈትም፤ ግን እየሞከሩ ያጡትን ያገኙ ሰዎች አይቻለሁ።

ከተነሳ በኋላ ባለው ሳምንት የዲስኩን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። ካልተንቀሳቀሱ ይሥሩበት።

የሞተውን ዲስክ ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይነሳል ይባላል። እውነት ነው?

አያድርጉት። ከፍሪጅ ሲወጣ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ያ እርጥበት ገጹ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱን ያባብሳል። ክዳኑንም አይክፈቱ። የምታነበው ጫፍ ከገጹ በላይ የምትንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለእሷ ድንጋይ ናት።

የሚወዱት ነገር ውስጡ ካለ ዲስኩን አይጣሉ። ገጹ ካልተቧጨረ መረጃው ሳይነበብ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ዛሬ የማይከፈለው ዋጋ ነገ ሊከፈል ይችላል። ደረቅና ከፀሐይ የራቀ ቦታ ያኑሩት፤ ውስጡ ምን እንዳለና መቼ እንደቆመ በወረቀት ጽፈው ላዩ ላይ ይለጥፉበት።